ባለ ሠላሳ ስምንት ቁጥሩ ደንበኛ

ጥቅምት 9

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ላለችው ለእህቴ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ ይብዛ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይቅናልሽ። እኛ አለን። ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። እናትሽም ደህና ናት። ጉልበቷም፣ ያው፣ ጉልበት ነው።

መቼም ስልክ እያለ አጎቴ ደብዳቤ መጻፍ ምን አስታወሰው ማለትሽ አይቀርም። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ወሬዬ ደግሞ የሥራ ነው፤ የሥራ ወሬ ይሰለቻታል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ አለኝ። ብስክሌቱን የምጠግንለት እኔ ነኝ። በቅርቡ የብስክሌት ጫማ ገዛ፤ ያ ከሥሩ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆለፈው ዓይነት። ታዲያ ዳገት ሲጀምር እግሩ ይደነዝዛል። መጀመሪያ ከጣቶቹ ሥር ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ጭራሽ እግር ያለውም አይመስለው። ኮርቻውን ዝቅ አደረግሁ፣ ከፍ አደረግሁ፣ ፔዳሉን ለወጥኩ፤ ወይ ፍንክች! እኔ ከፔዳሉ በታች ያለውን ነው የማውቀው። ከፔዳሉ በላይ ያለው ያንቺ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ስትለኪ አይደል የምትውዪው? ጫማ ውስጥ የሚነጠፈውን ሶሌታ፣ እግርን ከሥር ደግፎ የሚይዘውን፣ መርጠሽ ላኪልኝ። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው።

ብትቸኩዪልኝ ደስ ይለኛል። ደንበኛዬ የካቲት መጨረሻ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ግድቡ ይወጣል፤ ያንን ዳገት ታውቂዋለሽ፣ መኪናም ያስለቅሳል።

ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። የሰው ገመና ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣ ለጋሼ ጎሚስታ፤

ጤናህን ከነሳቅህ፣ እጅህን ከነሙያው ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁን ነው ግን ደህና የሆንኩት።

ፖስታው ላይ ያንተን ጽሕፈት ሳይ ልቤ ቀጥ አለች። “እማዬ!” ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ በሯን ከፍታ አየችኝ። በዚህ ዘመን ሰው ደህና ሆኖ ደብዳቤ ይጽፋል እንዴ? ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስከፍተው ጉዳዩ ሶሌታ! ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ። ከጻፍክ ከላይ በትልቁ “ሁሉም ደህና ነው” በልልኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን ቀጥል።

ወደ ደንበኛህ ልምጣ። የብስክሌት ጫማ ሶሌታ እንደ መራመጃው አይደለም። ስትራመድ ቀድሞ የሚያርፈው ተረከዝህ ስለሆነ እሱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ይደረጋል። ብስክሌት ላይ ተረከዝ ሥራ ፈት ነው። ጉልበቱ ሁሉ የሚወርደው ከጣቶች ሥር ባለው ሥጋ በኩል ነው። እዚያ ለስላሳ ብታነጥፍበት እግሩ ይሰምጣል፣ ጫማው ይጠበዋል፣ ከዚያ መደንዘዝ ነው። የሚያስፈልገው ሳሳ ብሎ ጠንከር ያለ፣ ጎድጓዳውን መሀል እግር ከሥር የሚይዝ ነው። የጎድጓዳው ከፍታ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሳላይ አልመርጥም፣ ላንተም ቢሆን። ስለዚህ ደንበኛህ እግሩን ውሃ ይንከርና ካርቶን ላይ ይቁም። ይቁም ነው ያልኩት፤ ቁጭ ብሎ የተረገጠ እግር ይዋሻል። ሙሉ ክብደቱን ይጣልበት። ከዚያ እርጥቡ ሳይደርቅ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረህ ላክልኝ። ሁለቱንም እግር።

ደግሞስ ሠላሳ ስምንት? ግድብ ድረስ የሚወጣ ጎረምሳ ሠላሳ ስምንት ነው የሚያደርገው? በትንሽ እግር ፌንጣ የምባለው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር!

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የእማዬ ወረቀት ተፈረመ! በሚያዝያ ትመጣለች። ክፍሏን ቀለም ቀባሁት፤ ያቺ ፈዘዝ ያለች ቢጫ፣ እሷ የምትወዳት። ሐኪሙ ጉልበቷ ደረጃ አይችልም ስላላት ምድር ቤት ነው የተከራየሁት። መስኮቱ አጠገብ እግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር አስቀምጫለሁ። ከእንግዲህ አንዲት እርምጃ በከንቱ አትራመድም። እስከዚያው ለቤት ጫማዋ የሚሆን ወፍራም፣ እንደ ትራስ የሚሰምጥ ሶሌታ ልኬላታለሁ። ራስህ አግባላት፤ ጎንበስ እንዳትል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል ጋሼ። ጠዋት ስደውል እማዬ ለምን አታነሳም? ስታነሳስ ለምን ታለከልካለች? “ከአልጋ ስነሳ ነው” ትለኛለች። ከአልጋ መነሳት እንዲህ ካስለከለካት ምን ቀራት? አንተ አጠገቧ ሆነህ እንዴት አትነግረኝም?

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 20

ሁሉም ደህና ነው!

(በትልቁ ጻፍኩት፤ አየሽ?)

ይድረስ ለፌንጣዬ፤ ፈጣሪ ደጅሽን ይባርክ፣ ሥራሽን ይባርክ፣ ያቺን የደነገጠች ጎረቤትሽንም ይባርክ።

መልስ የዘገየሁት ደንበኛዬን ካርቶን ላይ ማቆም ቀላል ስላልሆነ ነው። “ምን ልትሠራበት ነው?” ይላል። “እግርህን ልልክ ነው” ብለው “ብቻውን?” ይለኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። እንደ ምንም ብዬ አስረገጥኩት፤ ግራውም ቀኙም ይኸውልሽ፣ ከደብዳቤው ጋር ታጥፏል። እርሳሱ የወፈረው አናጢው ጎረቤቴ ስላዋሰኝ ነው።

የላክሽው ለስላሳ ሶሌታ ደርሷል። እናትሽ በጣም ወደደችው። እንዲያውም… ምን ልበልሽ፣ ደንበኛዬም አየው፣ በእጁ ጫን ጫን አደረገው፣ ልቡ ሄደ። “እስኪ ይሄን አስገባልኝ” አለ። እኔም ሞኝ አስገባሁለት፤ ያውም የድሮውን ሳላወጣ፣ በላዩ ላይ። ሁለቱ ሲደራረቡ ጫማው እንደ ወጥመድ ጠበቀ። ድልድዩን ሳታልፍ ሁለቱም እግሮቿ ሞቱ። ልትቆም ስትል ጫማው ከፔዳሉ አልላቀቅ ብሏት በጎኗ ተጋደመች። ክርኗ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነችም፤ ተነስታ ስቃለች። ስለዚህ ያልሽው ልክ ነው፣ ለስላሳ አይሆንም። አሁን እግሩን አይተሽ ትክክለኛውን ምረጪ።

የእናትሽ ማለክለክ አያስጨንቅሽ። ሳንባዋ የፈረስ ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለተከበሩ ብስክሌት ጠጋኝ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከርመዋል።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ለእናቴ የላክሁትን ሶሌታ ለደንበኛ ሰጥተዋል። ቆሽቴ አረረ። አንዴ “እሱ”፣ አንዴ “እሷ” የሚሉት ደንበኛዎ ማን ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ካርቶኑን ሳልከፍተው ልጥለው ነበር።

በምሳ ሰዓት ግን ከፈትኩት። መለኪያ ክፍላችን ውስጥ ሰው የሚቆምበት መስታወት አለ፣ ከሥሩ መብራት ይበራል። እዚያ ላይ ዘረጋሁት። ቀኙን አየሁ፤ ደህና እግር ነው፣ ጎድጓዳው ከፍ ያለ። ግራውን ሳየው ክው አልኩ። ትንሿ ጣት የለችም። መሬት የነኩት አራቱ ብቻ ናቸው። ተረከዙ ላይ ደግሞ ውሃው ያልያዘው ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ ጠርሙስ የቆረጠው የሚመስል።

ጠርሙስ የቆረጠው አይደለም የሚመስለው። ጠርሙስ ነው የቆረጠው። በር ላይ የተሰበረውን ጠርሙስ እኔ እንዳልረግጠው ብላ እሷ ረገጠችው። መራመድ የተማርኩት እዚያ እግር ላይ ቆሜ ነው። ያቺን ወደ ላይ የቆመች ትንሽ ጣት በአውራ ጣቴ ወደ መሬት ስጫናት “ተያት፣ እሷ ሰማይ ነው የምታየው” ትለኝ ነበር።

ይህ የእናቴ እግር ነው።

አለቃዬ ገብታ “ምን ሆንሽ?” ስትለኝ ካርቶኑን አሳየኋት። የደንበኛ እግር ታቅፌ ቆሜ አይታኝ ውሃ አመጣችልኝ።

ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው! ደረጃ አትችልም የተባለች ሴት ናት! ጫማዋ ፔዳል ላይ ተቆልፎ፣ በመኪና መሀል? የወደቀችውም እሷ ናት? የተላጠው የእናቴ ክርን ነው? እርስዎ ደግሞ ቆመው “ተነስታ ስቃለች” ብለው ይጽፉልኛል?

እውነቱን ይንገሩኝ። ሁሉም ደህና ነው የሚለውን ይተዉት፤ አላምንዎትም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24

ይድረስ ለፌንጣዬ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያርጋልኝ፣ እኔንም ይቅር እንድትዪኝ ያድርግልኝ።

“እርስዎ” ያልሽው ደረሰኝ። ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ብትሰድቢኝ በስንት ጣዕሙ! ቀኑን ሙሉ ጎማ መንፋት አቅቶኝ ዋልኩ።

አዎ፣ እሷ ናት። ደንበኛዬ እናትሽ ናት።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርሽ። ሐኪሙ “ደረጃ አትውጪ” ማለቱ እውነት ነው። አንቺ የሰማሽው እስከዚያ ነው። እሱ ግን “ቁጭ ካልሽ ጉልበትሽ ይደርቃል፤ ሳትረግጪበት አሠሪው፣ ብስክሌት ቢኖርሽ ጥሩ ነበር” ብሏት ነበር። ይህን ያኔ ለማንም አልተነፈሰችም። ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ አንድ የሴት ብስክሌት ሱቄ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ኮሽታ ሰምቼ ብወጣ፣ እህቴ፣ ታላቄ፣ ቀሚሷን በልብስ መቆንጠጫ ሰብስባ ግቢውን ትዞራለች! ፓምፑ ከእጄ ወደቀ። “እታለም!” ብዬ ስጮህ “አፍህን ዝጋና ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ አሳየኝ” አለችኝ።

ይኸው ነው የጀመረው። አሁን የጠዋት ጓደኞች አሏት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅና ሁለት ልብስ ሰፊዎች። እትዬ ማርሽ ነው የሚሏት፣ ዳገት ላይ ማርሽ ቀይሪ ሲሏት ስለምትቆጣ። ስትደውዪ የምታለከልከው ገና ከብስክሌት ስትወርድ ስለምታገኛት ነው። “ከአልጋ ስነሳ ነው” ስትልሽ እኔ ጎኗ ቆሜ ሳቄን በዘይት ጨርቅ አፍናለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል። ጉልበቷን እንደሆነ አታስቢ፤ ሐኪሙ ራሱ አጥፎ ዘርግቶ አይቶ “ምን አደረግሽው?” ነው ያላት።

ለምን አልነገረችሽም? ስለ ቢጫው ቀለም በስልክ የነገርሻት ዕለት አለቀሰች። ደስታ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ዘግታ “ልጄ ወንበር ገዛችልኝ” አለች። አንቺን ፊት ለፊት “አልመጣም” ማለት አትችልም፣ ልብሽን ከመስበር እግሯን ብትሰብር ይቀላታል። ስለዚህ ከራሷ ጋር ተወራረደች። የካቲት መጨረሻ ግድቡ ድረስ አንዴም ሳትወርድ ከወጣች “እግሬ ገና ያዘኛል” ብላ ትነግርሻለች፣ እዚሁ ትቀራለች። መሀል ላይ ከወረደች ግን አርፋ ትመጣና ወንበርሽ ላይ ትቀመጣለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። ክው ነው ያልኩት።

እግሯ ሁልጊዜ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ይሞታል። ከዚያ አልፋ አታውቅም።

እንግዲህ ፌንጣዬ ነገሩ ይህ ነው። ትክክለኛውን ሶሌታ ብትልኪ ትቀርብሻለች። ባትልኪ ትመጣልሻለች። እንዲህ ዓይነት ነገር በሰው ጫንቃ ላይ መጣል ግፍ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሌላ የማውቀው እግር ለኪ የለኝም። መጻፌን አላወቀችም።

አጎትሽ


ጥር 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

በጤና ያድርስልሽ። ከላይ በትልቁ የሚጻፈውን አልጻፍኩትም፣ እጄ እምቢ አለኝ። መልስ አልመጣም። እናትሽ “ልጄ ስልክ ላይ ድምጿ አጠረብኝ፣ አንተ ምን አልካት?” እያለች ታፋጥጠኛለች። እኔም የጎማ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ከሱቅ አልወጣም።

ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ። “እርስዎ” ብትዪኝም እችለዋለሁ።

አጎትሽ


ጥር 27

ይድረስ ለጋሼ፤

አንተ ብያለሁ፣ ተመለስኩልህ። ሰላምህ ይብዛ።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ ብቻ አይደለም። ድንጋጤው አልለቅ ብሎኝ ነው። እናቴን የማውቃት መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ የማውቃት የተለያየን ዕለት በር ላይ ቆማ የቀረችውን ናት፤ ይህቺን፣ ቀሚሷን በመቆንጠጫ ይዛ የምትዞረውን፣ ማን እንደሆነች አላውቅም። ተናደድኩ። ከዚያ ቀናሁ። በማን እንደቀናሁ አትጠይቀኝ፤ በአዋላጇ መሰለኝ።

አሁን የምነግርህን ለእሷ እንዳታነብላት። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጥንድ ነበር። አንዱ ለእሷ እግር ልኩ ነው፤ ሳሳ ያለ፣ ደረቅ፣ ሲያዩት ደስ አይልም። ሌላው ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ በእጅ ሲጫኑት የሚሰምጥ። ሰማያዊውን ብልክላት ማንም አይወቅሰኝም። እንዲያውም እናቷን የምትወድ ልጅ የምትልከው እሱን ነው። እሷም “ልጄ የመረጠችው ነው” ብላ ታደርገዋለች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ትወርዳለች። በሚያዝያ እዚህ ናት። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ ጋሼ፣ በእርግጠኝነት አውቀዋለሁ።

ሰማያዊውን አሸግኩት። አድራሻም ጻፍኩበት። ከሥራ በኋላ ፖስታ ቤት ለመሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ብስክሌተኛ መጣና ያንኑ ሰማያዊውን አንስቶ “ይሄን ስጪኝ” አለ። “አባባ፣ ይሄ የሚመቸው ለእጅዎ ነው፣ እግርዎን አይይዝልዎትም” አልኩት። ለሁሉም ሰው የምለውን ነው ያልኩት። ከዚያ በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ። ለማላውቀው ሰው የማላደርገውን ለእናቴ ላደርግ! ሽማግሌው “ደህና ነሽ ልጄ?” ሲለኝ ቦርሳዬን ከፍቼ እሽጉን እዚያው ፊቱ ቀደድኩት።

የላክሁልህ ደረቁን ነው። በመጀመሪያ የድሮውን አውጣ፤ ደግሞ በላዩ ላይ እንዳትደርበው፣ በፈጠረህ! የድሮውን በአዲሱ ላይ አስተኝተህ ትርፉን በመቀስ ቁረጥ፤ ከጣት በኩል ብቻ ነው፣ ተረከዙን እንዳትነካው። ከመሀሉ ወደ ፊት ጠጋ ያለች ትንሽ ጉብታ አለች፤ መቀመጫዋ ከጣቶቹ ሥጋ ኋላ ነው፣ ሥሩ ከሆነ ታቆስላታለች። የግራውን ጠርዝ ራሴ ሞርጄዋለሁ፣ ያቺ ሰማይ የምታየው ጣት ቦታ እንድታገኝ። መጀመሪያ በገበያው ዙሪያ ብቻ ትሂድ፣ ከለመደችው በኋላ ድልድዩ ድረስ። ዳገት ላይ እግር ያብጣል፤ ሁለተኛው ኩርባ ሳይደርስ ማሰሪያውን ላላ ታድርግና ጣቶቿን ታንቀሳቅስ። ጣቶቿ ካልተንቀሳቀሱ ጠብቋል ማለት ነው።

ክፍሉ አሁንም ቢጫ ነው። ወንበሩን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ፌንጣህ


የካቲት 29

ሁሉም ደህና ነው!!!

ይድረስ ለፌንጣዬ፤ እጅሽ ይባረክ። ዓይንሽ ይባረክ። ያ ሽማግሌ ብስክሌተኛ ከነዘር ማንዘሩ ይባረክ።

ትናንት ነበር። እኔ በዳቦ ቤቱ ፒካፕ ከኋላ እከተላለሁ፣ ፓምፑን ታቅፌ። ሴቶቹ ሰልፍ ይዘው ወጡ። እናትሽ ሦስተኛ ናት። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈች። ሾፌሩ “እትዬ ማርሽ ዛሬ ጨረሰችው” ሲለኝ አፉን በእጄ ያዝኩት፣ እንዳያሟርትብኝ።

ሁለተኛው ኩርባ ሲደርስ ፍጥነቷ ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ቆመች ማለት ይቻላል። ብስክሌቱ ወዲህ ወዲያ አለ። ጎንበስ አለች። አለቀ፣ ልትወርድ ነው አልኩ። ነፍሴ ወጣች። ከፒካፑ ዘልዬ ስሮጥ አንድ ጫማዬ ወለቀ። ምን አየሁ መሰለሽ? አንድ እጇን ከመሪው አንስታ የጫማዋን ማሰሪያ ታላላለች! እየነዳች! ከዚያ ሌላውን። ቀና ስትል አየችኝ። “አንተ፣ በአንድ ጫማ ወዴት ነው?” ብላኝ ሄደች። ማርሽ ቀየረች! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርሽ ቀየረች!

ከዚያ በኋላ ያለውን በእንባ ነው ያየሁት፣ በደንብ ልተርክልሽ አልችልም። ላይ ስንደርስ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳለች፣ እንደ ልጅ። “አሉ፣ ሁሉም አሉ” አለችኝ። አዋላጇ ታለቅሳለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ብቻ ውሃ ትጠጣለች።

ደስ ብሎኛል ስልሽ ላንቺ አዝኜ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚባል አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ጽሕፈት ነው። ብዕሩን ከእጄ ነጥቃ ነው የጻፈችው።

አጎትሽ

ልጄ፣ ዓይኔ፤ ክፉሽን አያሰማኝ። ወንድሜ ሚስጥር የሚደብቀው የጎማ ማጣበቂያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ነው። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አንብቤያለሁ። የሰማያዊውንም፣ ዳገቱን ከመውጣቴ በፊት።

ደነገጥኩ። በሰማያዊው አይደለም። ይህን ያህል ብቻሽን መሆንሽን ባለማወቄ ነው። ሰማያዊውን ብትልኪልኝም አልቀየምሽም ነበር፤ አድርጌው፣ ወርጄ፣ እመጣልሽ ነበር። ያኛውን ስለላክሽ ግን ያንን ኩርባ ሳትይዪኝ የያዝሽኝ ያህል ነው ያለፍኩት።

እመጣለሁ፣ ለመቀመጥ ግን አይደለም። አይቼሽ፣ ካንቺ ጋር ሰንብቼ እመለሳለሁ። ለቁመቴ የሚሆን ብስክሌት ፈልጊልኝ። ወንበሩን አትሽጪው። አንቺ ነሽ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትውዪው፣ አንቺ ተቀመጪበት። የሰውን ሁሉ እግር ታያለሽ፤ ያንቺን ማን አየልሽ? እርጥብ እግርሽን ካርቶን ላይ ረግጠሽ ላኪልኝ። ቁጭ ብለሽ አይደለም፤ ቆመሽ። ቁጭ ብሎ የተረገጠ ይዋሻል አይደል ያልሽው?

እናትሽ


መጋቢት 20

ሁሉም ደህና ነው።

እማዬ፤ ሰላምሽ ይብዛልኝ፣ ጉልበትሽ ይጽናልኝ፣ ጣቶችሽ ሁሉ ይኑሩልኝ።

የጻፍሽውን ባነበብኩ በማግስቱ፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት፣ መለኪያ ክፍል ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። አለቃዬ አይታኝ “ዛሬ ደግሞ የማን ነው?” አለችኝ። “የኔ” አልኳት። ስንት ዓመት እዚያ ክፍል ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ለክቼ እንደማላውቅ ስነግራት አላመነችኝም። እኔም አላመንኩም።

እግሬን ነክሬ ካርቶኑ ላይ ቆምኩ፣ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ። ስወርድ ቀኙ ደህና ነው። ግራውን ሳይ ግን እንደዚያኛው ቀን ክው አልኩ። አለቃዬ ሮጣ ውሃ ልታመጣ ነበር። ትንሿን ጣቴን ከላይ ሳያት ደህና ጣት ናት፣ ከእህቶቿ ጋር ተሰልፋ ቆማለች፣ ምንም ጉድ የለባትም። ካርቶኑ ላይ ግን አራት ናቸው።

ዙሪያውን አስምሬ ልኬልሻለሁ፤ ካርቶኑን ፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ብስክሌቱንም አይቼልሻለሁ፣ መሪው ከፍ ያለ ነው፤ ለመሞከር አንዴ ወጥቼበት አጥር ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

እማዬ፣ የኔም ሰማይ ነው የምታየው።

ልጅሽ